ኤስኤንኤምፒ ኤጀንት ያደረ ዳታ ሲመልስ፦ ቋሚ ጭነት ላይ ግራፉ ከ0 ወደ 61.8 ሜጋቢት ይዘላል

#1 ኬብል_ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁኔታው እንዲህ ነው። ራውተሩ ዴቢያን 12 የተጫነበት ተራ ሰርቨር ነው፤ ኤጀንቱ (በኤስኤንኤምፒ የክትትል ፕሮቶኮል ለሚመጣ ጥያቄ የሚመልሰው ፕሮግራም) ኔት-ኤስኤንኤምፒ 5.9.3። የክትትል ሶፍትዌሩ ዛቢክስ በየ10 ሴኮንዱ ባለ 64 ቢቱን የገቢ ካውንተር (የገባውን ባይት ቆጣሪ) ይጠይቃል። ኦአይዲው (የዳታው መለያ ቁጥር) 1.3.6.1.2.1.31.1.1.1.6 ሲሆን መጨረሻው ላይ የኢንተርፌሱ ቁጥር 2 ይገባል። ከዚያ ዛቢክስ በ8 አባዝቶ የሴኮንድ ለውጡን ያሰላል።

ግራፉ የመጋዝ ጥርስ ሆኗል። ለማጣራት ከሌላ ማሽን በአይፐርፍ3 (የኔትወርክ መፈተሻ ፕሮግራም) ቋሚ ጭነት ተለቀቀበት፦ ዩዲፒ፣ 40 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ የአንዱ ፓኬት ይዘት 1400 ባይት፣ ለ5 ደቂቃ። አይፐርፍ አንድም ፓኬት አልጠፋም ይላል። ዛቢክስ የመዘገበው ግን፣ በሜጋቢት፣ ይሄንን ነው፦

0 … 61.8 … 61.8 … 0 … 61.8 … 61.8 … 0

እስካሁን የተሞከረው፦ ኬብልና ፖርት መቀየር፣ የዛቢክስን ታይምአውት ከ3 ወደ 10 ሴኮንድ ማሳደግ፣ ኤጀንቱን ሪስታርት ማድረግ። ሪስታርት ሲደረግ ዜሮው የሚወድቅበት ቦታ ይቀየራል እንጂ አይጠፋም። ችግሩ ከኤጀንቱ ነው ከዛቢክስ?


#2 ኦአይዲ_ለቃሚ

ከኤጀንቱ ነው፤ ማስረጃውም ራስህ የለጠፍካቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ።

መጀመሪያ አማካዩን እንውሰድ። 0፣ 61.8 እና 61.8 ተደምረው ለ3 ሲካፈሉ 41.2 ይሰጣሉ። አሁን የላክኸውን እንቁጠር። ይዘቱ 1400 ባይት ነው፤ ዩዲፒ 8፣ አይፒ 20፣ ኢተርኔት 14 ሲጨመር 1442 ይሆናል። 40 በ1442 ተባዝቶ ለ1400 ሲካፈል 41.2 ነው። ስለዚህ አንድም ባይት አልጠፋም። ትክክለኛው ብዛት ተቆጥሯል፤ የተሳሳተ ሰዓት ላይ ነው የተመዘገበው።

ባለ 32 ቢት ካውንተር ዞሮ ከዜሮ የጀመረ እንዳይመስልህ። እሱን አልተጠቀምክም፤ ብትጠቀምም በ41.2 ሜጋቢት ለመዞር 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። በ1 ጊጋቢት ቢሆን 34 ሴኮንድ ይበቃው ነበር፤ እዚያ ላይ ሲሆን ነው የሚያስፈራው።

እዚህ ያለው ካሽ ነው። ኤጀንቱ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጋ አይሄድም። የኢንተርፌስ ቴብሉን አንዴ ያነባል፣ ያስቀምጣል፣ ጊዜው እስኪያልፍ ከዚያው ይመልሳል። አብዛኞቹ ቴብሎች ሰው ሲጠይቅ ብቻ ይታደሳሉ። የኢንተርፌስ ቴብል ግን የራሱ ታይመር አለው፤ ማንም ባይጠይቀውም ይታደሳል። ያንተ 0፣ 1.5 እጥፍ፣ 1.5 እጥፍ የሚለው ዑደት የሚወጣው ታይመሩ 15 ሴኮንድ ሲሆን ነው።

በሰዓት ተመልከተው። ኤጀንቱ የሚያነበው በ0፣ 15፣ 30፣ 45 ነው። ዛቢክስ የሚጠይቀው በ1፣ 11፣ 21፣ 31፣ 41፣ 51 ነው እንበል። በ1 እና በ11 የሚያገኘው አንድ ዓይነት ቁጥር ነው፤ የ0ውን። ልዩነቱ 0። በ21 የ15ቱን ያገኛል፤ የ15 ሴኮንድ ትራፊክ ለ10 ሲካፈል 1.5 እጥፍ። በ31 የ30ውን፤ እንደገና 1.5። በ41 አሁንም የ30ውን፤ 0። ሪስታርት ስታደርግ ዜሮው ቦታ የሚቀይረው ታይመሩ ከአዲስ ሰዓት ስለሚነሳ ነው።

ግራፍህ 0፣ 2 እጥፍ፣ 0፣ 2 እጥፍ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር፤ ያ ሲጠየቅ ብቻ የሚታደስ ካሽ ዕድሜው ከመጠየቂያው ጊዜ ሲበልጥ የሚያወጣው ቅርጽ ነው።

ሶስት ነገር አድርግና ውጤቱን ለጥፍ።

አንደኛ፣ ራውተሩ ላይ ሁለት ተርሚናል ክፈት። በአንዱ በየሴኮንዱ /ሲስ/ክላስ/ኔት ስር ካለው የኢንተርፌሱ ስታቲስቲክስ ፎልደር የአርኤክስ ባይትስ ፋይልን አንብብ። በሌላው ያንኑ ካውንተር በኤስኤንኤምፒ-ጌት በየሴኮንዱ ጠይቅ። 40 ሴኮንድ ይበቃል። የመጀመሪያው በየሴኮንዱ ከጨመረ፣ ሁለተኛው ቆሞ ቆሞ ከዘለለ ዛቢክስ ነጻ ነው።

ሁለተኛ፣ የካሽ ቴብሉን በኤስኤንኤምፒ-ዎክ (ከአንድ ኦአይዲ ስር ያለውን ሁሉ በሚያወጣው ትዕዛዝ) አውጣ፦ 1.3.6.1.4.1.8072.1.5.3.1.2። ይህ የእያንዳንዱ ካሽ ዕድሜ በሴኮንድ የተጻፈበት ዓምድ ነው። ከዓምዱ ቁጥር ቀጥሎ የሚመጣው የተሸፈነው ቴብል ኦአይዲ ነው። የኢንተርፌስ ቴብል 1.3.6.1.2.1.2.2 ስለሆነ የምትፈልገው መስመር በዚህ የሚያልቀው ነው።

ሶስተኛ፣ ዎኩ ባዶ ከመለሰልህ አትደንግጥ። በዴቢያን ኮንፊግ ፋይል መጀመሪያ የተፈቀደው ቪው (ለጠያቂ የሚታየው ክፍል) 1.3.6.1.2.1.1 እና 1.3.6.1.2.1.25.1 ብቻ ነው። ኢንተርፌስ ማየት ከቻልክ 1.3.6.1.2.1ን ጨምረሃል ማለት ነው፤ የካሹ ቴብል ግን በ1.3.6.1.4.1 ስር ነው ያለው፣ ስለዚህ ከቪው ውጭ ሆኖ ይቀራል።


#3 ኬብል_ቆጣሪ

እንዳልከው ዎኩ መጀመሪያ ባዶ ነበር። ቪው ላይ 1.3.6.1.4.1.8072.1.5 ሲጨመር ወጣ። ለኢንተርፌስ ያለው መስመር፦

1.3.6.1.4.1.8072.1.5.3.1.2.1.3.6.1.2.1.2.2 = 15

የሴኮንዱ ሙከራም ይሄን አሳየ፦ ከከርነሉ የሚነበበው በየሴኮንዱ 5,150,000 ባይት አካባቢ ይጨምራል። በኤስኤንኤምፒ የመጣው ግን አንዱን ቁጥር 15 ጊዜ ደጋግሞ፣ በ16ኛው ላይ በ77 ሚሊዮን ባይት ዘለለ።


#4 ኦአይዲ_ለቃሚ

5.15 ሚሊዮን በ15 ሲባዛ 77.25 ሚሊዮን። ጉዳዩ ተዘጋ፤ የቀረው ማስተካከሉ ነው።


#5 ፈጣን_መላ

ለምን ትደክማላችሁ፤ ካሹን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል እኮ። 1.3.6.1.4.1.8072.1.5.2.0 አጠቃላይ ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ 2 አድርገው፣ ሁልጊዜ ትኩስ ዳታ ታገኛለህ። ካልሆነም ዛቢክስ ላይ ያልተለወጠ እሴትን ጣል የሚለውን ጨምረው ዜሮዎቹ ይጠፋሉ።


#6 ፓኬት_ዘበኛ

ሁለቱም አይሆኑም፤ ሌላ ሰው ይህን አንብቦ እንዳይሞክረው ምክንያቱን ላስቀምጥ።

ካሹን ማጥፋት ማለት “በየጥያቄው አዲስ አንብብ” ማለት አይደለም። ኤጀንቱ ውስጥ ዳታውን ከከርነል የሚጭነው ስራ ራሱ የሚጠራው በካሹ በኩል ነው። ካሹ ሲዘጋ መጫኑም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ እንደየቴብሉ ወይ ባዶ መልስ ታገኛለህ፣ ወይ መጨረሻ የተጫነው ዳታ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ትኩስ ዳታ ለማግኘት ብለህ ጭራሽ የማይታደስ ዳታ ታመጣለህ።

በየጥያቄው የሚያነብ ቢሆን እንኳ አይመከርም። ዎክ እሴት በእሴት ነው የሚሄደው። 50 ኢንተርፌስ በ22 ዓምድ 1,100 እሴት ነው። ለእያንዳንዱ ሙሉ ቴብሉን እንደ አዲስ ማንበብ 1,100 ንባብ ይሆናል። ካሹ የተፈጠረው ለዚህ ነው፦ የአንድ ዎክ ረድፎች በሙሉ ከአንድ ቅጽበት እንዲመጡ። ያ ባይኖር የመጀመሪያው ረድፍና የመጨረሻው ረድፍ የተለያየ ሰዓት ፎቶ ይሆኑ ነበር።

ሁለተኛው ሀሳብ ደግሞ ስህተቱን ይደብቀዋል። ያልተለወጠውን ብትጥለው ዜሮው ከግራፉ ይጠፋል፤ ነገር ግን የቀጣዩ ስሌት ከ20 ሴኮንድ በፊት ከነበረው እሴት ጋር ይሆናል። የ15 ሴኮንድ ትራፊክ ለ20 ሲካፈል 30.9፣ ቀጥሎ ያለው ለ10 ሲካፈል 61.8። ግራፉ በ30.9 እና በ61.8 መካከል ይመላለሳል። ያ ደግሞ እውነተኛ የትራፊክ መዋዠቅ ይመስላል፤ ዜሮ ቢሆን ቢያንስ ሰው ይጠራጠራል።

ብዙ ሰው ደግሞ የሲስተሙን አፕታይም አብሮ በመጠየቅ የዳታውን ዕድሜ ማወቅ የሚቻል ይመስለዋል። 1.3.6.1.2.1.1.3.0 መልሱ የተሰጠበትን ሰዓት ነው የሚነግረው፤ ካውንተሩ ከከርነል የተነበበበትን አይነግርም። ሁለቱ በ14 ሴኮንድ ሊራራቁ ይችላሉ፣ ፓኬቱ ውስጥ ግን ጎን ለጎን ነው የሚመጡት።


#7 ኦአይዲ_ለቃሚ

ፓኬት_ዘበኛ እንዳለው ነው። ማጥፋት የለም፤ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ለመጻፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለዚህ ብሎ ለመላው ኔትወርክ የሚጽፍ ኮሚዩኒቲ (እንደ ይለፍ ቃል የሚያገለግል ስም) መክፈት ትልቅ ስህተት ነው። ከራሱ ከማሽኑ ብቻ፣ ለዚህ ቅርንጫፍ ብቻ ፍቀድ። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ የሚገባው አንድ መስመር በቅደም ተከተል አራት ነገር ይይዛል፦ አርደብሊው-ኮሚዩኒቲ የሚለው ቃል፣ ረጅም የምስጢር ስም፣ 127.0.0.1፣ መጨረሻ ላይ .1.3.6.1.4.1.8072.1.5። ኤጀንቱን ሪስታርት አድርግ።

ከዚያ በኤስኤንኤምፒ-ሴት፣ ቨርዥን 2ሲ፣ ወደ 127.0.0.1፦

1.3.6.1.4.1.8072.1.5.3.1.2.1.3.6.1.2.1.2.2 ዓይነት ኢንቲጀር፣ እሴት 1

“ኖ አክሰስ” ካለህ የማንበቢያውን ኮሚዩኒቲ ነው የተጠቀምከው፤ መልስ ሳይመጣ ታይምአውት ከሆነ ደግሞ ጥያቄው በሌላ አድራሻ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ወዲያው በጌት አንብበህ 1 መሆኑን አረጋግጥ። የሚሮጠው ታይመር ራሱ ነው የሚቀየረው፤ ሌላ ሪስታርት አያስፈልግም። እንዲያውም ሪስታርት ብታደርግ ለውጡ ይጠፋል፤ በሴት የገባው እሴት በሚሞሪ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ኤጀንቱ ሲነሳ ወደ 15 ይመለሳል።

ለዘለቄታው ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ላይ አስረው። በሲስተም-ሲቲኤል ኤዲት የኤጀንቱን ሰርቪስ ክፈትና ሰርቪስ በሚለው ክፍል ስር ኤክሰክ-ስታርት-ፖስት የሚለውን ጨምር፤ እሴቱ ያው የሴት ትዕዛዝ ከነሙሉ መንገዱ ነው። ሁለት ነገር አትርሳ። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ የሰረዝ ምልክት አድርግ፤ አለዚያ ሴቱ በሆነ ምክንያት ቢከሽፍ ሲስተምዲ ሰርቪሱን ራሱን ይጥለዋል። የድጋሚ ሙከራውን ቁጥር ደግሞ ወደ 10 ከፍ አድርገው፤ ትዕዛዙ የሚነሳው ኤጀንቱ ገና ፖርት 161ን ሳይከፍት ሊሆን ይችላል፣ የትዕዛዞቹ ልማድ ደግሞ 1 ሴኮንድ ጠብቆ 5 ጊዜ መድገም ነው።

1 ሴኮንድ ያልኩህ ራውተርህ ጥቂት ኢንተርፌስ ስላለው ነው። በሺህ የሚቆጠር የፒፒፒ ኢንተርፌስ ባለበት ማሽን ላይ በየሴኮንዱ ሙሉ ቴብሉን ማንበብ ሲፒዩውን ይበላል። እዚያ 5 ላይ አቁመህ በቶፕ የኤጀንቱን ፍጆታ ለ10 ደቂቃ ተመልከት።


#8 ሰርቨር_ሩም

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ጥያቄ አለኝ። የዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ዳታ በኤክስቴንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ኤጀንቱ ሲጠየቅ በሚያስሮጠው የራሴ ስክሪፕት ነው የሚወጣው፤ የተመዘገበበት ስም ዩፒኤስ ነው፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል። ስክሪፕቱ ራሱ በሲሪያል ኬብል ስለሚያነብ 4 ሴኮንድ ይፈጃል። በየደቂቃው ዛቢክስ ላይ የዩፒኤሱ ብቻ ሳይሆን የዚያ ማሽን ኤስኤንኤምፒ በሙሉ ቀይ ይሆናል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ይሄም ካሽ ነው?


#9 ፓኬት_ዘበኛ

እህቴ፣ ካሽም አለበት፤ ዋናው ግን ኤጀንቱ ባለ አንድ ክር መሆኑ ነው። ስክሪፕቱ 4 ሴኮንድ ሲሮጥ ኤጀንቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚያ መሀል የመጣ የሲፒዩም የኢንተርፌስም ጥያቄ ወረፋ ይይዛል። የዛቢክስ መነሻ ታይምአውት 3 ሴኮንድ ነው፤ 4 ከ3 ይበልጣል፣ ማሽኑ በሙሉ የሞተ ይመስላል።

የኤክስቴንድ ውጤት መነሻው ላይ 5 ሴኮንድ ካሽ ይደረጋል። የአንድ ስም የመጀመሪያ መስመር፣ ሙሉ ውጤት እና የመውጫ ኮድ ከአንድ ሩጫ ነው የሚመጡት። የተለያየ ስም ያላቸው ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ካሽ አላቸው። ስለዚህ አንዱን ስክሪፕት በሶስት ስም መዝግበሽ ሶስት የተለያየ ነገር የምታወጪ ከሆነ 12 ሴኮንድ ነው የምትከፍይው። መጀመሪያ እሱን ወደ አንድ ስም ሰብስቢው።

ያለሽን ዕድሜ ለማየት ኦአይዲው 1.3.6.1.4.1.8072.1.3.2.2.1.5 ነው፣ ከዚያ የስሙ ርዝመት፣ ከዚያ የእያንዳንዱ ፊደል የአስኪ ቁጥር። ለዩፒኤስ በትንንሽ ፊደል፦

1.3.6.1.4.1.8072.1.3.2.2.1.5.3.117.112.115

3ቱ ርዝመቱ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና “የለም” የሚል መልስ ያገኛል።

በ5.9 ኮንፊግ ላይ ኤክስቴንድ ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ ከስሙ በፊት፣ ሰረዝ ካሽታይም ብለሽ ሴኮንዱን መጻፍ ትችያለሽ። ይህ ከሪስታርት በኋላም ይቆያል። ነገር ግን ካሹን 300 ብታደርጊው በ5 ደቂቃ አንዴ የሚመጣውን የ4 ሴኮንድ ማነቅ አያስቀርልሽም፤ ማንቂያው ይራራቃል እንጂ አይጠፋም።

መፍትሄው ማንበቡን ከኤጀንቱ ማውጣት ነው። በሲስተምዲ ታይመር ወይም በክሮን በየደቂቃው ስክሪፕቱ ይሩጥ፣ ውጤቱን ፋይል ላይ ይጻፍ፣ ኤክስቴንድ ፋይሉን ብቻ ያንብብ። ያ ሚሊሴኮንድ ነው። ሲሰራ ግን እነዚህን ጠብቂ፦

በቀጥታ በፋይሉ ላይ አትጻፊ። ኤጀንቱ በመሀል ቢያነበው ግማሽ መስመር ያገኛል። እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ጽፈሽ ሲያልቅ በኤምቪ ስሙን ቀይሪው። በአንድ ፋይል ሲስተም ላይ ስም መቀየር አንድ ቅጽበት ነው፤ አንባቢው ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉ ያያል። ወደ ሌላ ፋይል ሲስተም ከሆነ ግን ኤምቪ ራሱ ኮፒ ስለሚያደርግ ጥቅሙ ይቀራል።

ፎልደሩን በ/ረን ስር አድርጊው፤ በ/ቴምፕ ስር አይሁን። ሰርቪሱ የራሱ ቴምፕ ከተሰጠው ያንቺን ፋይል አያየውም። ኤጀንቱ የሚሮጥበት ዩዘር የማንበብ ፈቃድ እንዳለውም አረጋግጪ፤ በዴቢያን ሩት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የፋይሉን ዕድሜ ፈትሺ። ታይመሩ ቢሞት ፋይሉ አይጠፋም፤ ኤጀንቱ የትናንቱን “ባትሪ 100 ከመቶ” እየመለሰ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ፋይሉን የሚያነበው ትንሽ ስክሪፕት መጀመሪያ በስታት ትዕዛዝ መቼ እንደተቀየረ ይይ፤ ከ180 ሴኮንድ ካለፈ በመውጫ ኮድ 3 ይውጣ። ያን ኮድ በ1.3.6.1.4.1.8072.1.3.2.3.1.4 ስር ከስሙ ኢንዴክስ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ዛቢክስ ላይ 0 ካልሆነ ማንቂያ እንዲሰጥ አድርጊ። ይህን የመጨረሻውን ሳታደርጊ ሌላውን ብቻ ብታደርጊ፣ ካለሽበት የከፋ ቦታ ነው የምትደርሺው፤ ቀይ የነበረው በውሸት አረንጓዴ ይሆናል።


#10 ሰርቨር_ሩም

የመውጫ ኮዱ ለብቻው እንደሚጠየቅ አላየሁትም ነበር። ርዝመቱም ቀርቶብኝ ነው ለካ “የለም” ሲለኝ የነበረው። አመሰግናለሁ።


#11 ጎዳና_ቢጂፒ

ለተሟላነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸው ካሽ ትልቅ ራውተር ላይ በሌላ መልኩ ይመጣል። ሙሉ የኢንተርኔት ራውቲንግ ቴብል የተሸከመ ሊኑክስ ከ900 ሺህ በላይ የአይፒቪ4 መስመር አለው። አንድ ሰው ከ1.3.6.1.2.1 ጀምሮ ዎክ ሲያደርግ 1.3.6.1.2.1.4.24 ላይ ይደርሳል፤ ኤጀንቱ ያንን ሁሉ ወደ ካሽ መጫን ይጀምራል። ሲፒዩው 100 ከመቶ፣ ሚሞሪው ያብጣል፣ ጠያቂው በ1 ሴኮንድ ተስፋ ቆርጦ ይደግማል፣ ድግሙም ወረፋ ውስጥ ይገባል። ጭነቱ ሳያልቅ የካሹ ዕድሜ ቢያልፍ ደግሞ ሌላ ዙር።

እዚህ የካሹን ዕድሜ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ቴብሎቹን ከነጭራሹ አትጫናቸው። ኤጀንቱ ሲነሳ በትልቁ አይ አማራጭ፣ በፊታቸው የመቀነስ ምልክት አድርገህ የሁለቱን ሞጁሎች ስም ትሰጠዋለህ፦ አይፒ-ሳይደር-ራውት-ቴብል፣ እሱም 1.3.6.1.2.1.4.24.4 ነው፣ እና አይኔት-ሳይደር-ራውት-ቴብል፣ እሱም 1.3.6.1.2.1.4.24.7 ነው። ትዕዛዙ ላይ ስማቸው ያለ ሰረዝ፣ እንደ ሚቡ (የኦአይዲ ስሞች ዝርዝር) አጻጻፍ ተገጣጥሞ ነው የሚገባው። የራውት ብዛት ከፈለግህ ከራውቲንግ ሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር አውጥተህ #9 ላይ በተባለው መንገድ በፋይል አሳልፈው።

ራውቲንግ ሶፍትዌሩ በኤጀንትኤክስ (ሌላ ፕሮግራም ከዋናው ኤጀንት ጋር በሚያያዝበት መንገድ) የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ማወቅ ያለብህ፦ የእሱ ካሽ በእሱ ፕሮሰስ ውስጥ ነው፣ በዋናው ኤጀንት የካሽ ቴብል ላይ አይታይም። ዋናው ኤጀንት የሚጠብቀው ደግሞ 1 ሴኮንድ ነው፤ ቀርፋፋ ከሆነ የኤጀንትኤክስ ታይምአውቱን ከፍ ማድረግ ነው።


#12 ኬብል_ቆጣሪ

በሴት 1 ተደረገ፤ ከሪስታርት በኋላም በሲስተምዲ በኩል ተመልሶ 1 ይሆናል። ያው የአይፐርፍ ጭነት እንደገና ተለቀቀበት፦

41.2 … 41.2 … 41.2 … 45.3 … 41.2 … 37.1 … 41.2

መጋዙ ጠፍቷል። 45.3 እና 37.1 አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ትርፍ መስመሩ በፒፒፒ ነው የሚገናኘው፤ ተቋርጦ ሲመለስ አሮጌው ፒፒፒ0 ካውንተሩ ቆሞ 5 ደቂቃ ያህል ከአዲሱ ጎን ይታያል። ይሄም በካሽ ዕድሜ ይስተካከላል?


#13 ኦአይዲ_ለቃሚ

45.3 የ11 ሴኮንድ ትራፊክ ለ10 ተካፍሎ ነው፤ 37.1 የ9 ሴኮንድ። ዛቢክስ ጥያቄውን በጥቂት ሚሊሴኮንድ ሲያዘገይ ወይም ሲያስቀድም የካሹን ማደሻ ቅጽበት ይሻገራል፤ አንዱ ጋ የተጨመረው ሴኮንድ ከሌላው ይቀነሳል። ትልቁ ስህተት የካሹ ዕድሜ ለመጠየቂያው ጊዜ ተካፍሎ ነው፦ 1 ለ10፣ ማለትም 10 ከመቶ። በየ60 ሴኮንዱ ብትጠይቅ ከ2 ከመቶ በታች ይሆናል። በድሮው 15 ላይ ሆነህ በ60 ብትጠይቅ ግን አልፎ አልፎ 25 ከመቶ ትስት ነበር፤ ግራፉ ለስላሳ ስለሚመስል ማንም አያየውም። የክፍያ ሂሳብ ከዚህ ግራፍ የሚሰራ ካለ ከሴኮንዱ ፍጥነት ይልቅ የካውንተሩን የወሩ መጀመሪያና መጨረሻ ልዩነት ይውሰድ፤ እዚያ ላይ የ15 ሴኮንድ መዛነፍ ምንም አይደለም።

የፒፒፒው በካሽ ዕድሜ አይስተካከልም። የጠፋ ኢንተርፌስ በቴብሉ የሚቆይበት ጊዜ ለብቻው ነው ያለው፤ ኮንፊግ ላይ ኢንተርፌስ ፌድአውት የሚባለው ነው፣ በመሀሉ የስር ሰረዝ አለው። መነሻው 300 ሴኮንድ ነው፤ ያየኸው 5 ደቂቃ እሱ ነው። ወደ 0 ለማውረድ አትቸኩል፤ ለአፍታ የተቋረጠ መስመር ሁሉ ከዛቢክስ ላይ ብቅ ጥልቅ ይልብሃል። ላንተ የሚስማማው ኢንተርፌስ ሪፕሌስ ኦልድ የሚለውን የስ ማድረግ ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ስም አዲስ ኢንተርፌስ ሲመጣ አሮጌው 300ውን ሳይጠብቅ ወዲያው ይወጣል።

አዲሱ ፒፒፒ0 ግን የኢንዴክስ ቁጥሩ ይቀየራል። ዛቢክስ ላይ እንደ ዋናው መስመር 2 ብለህ ቁጥር የጻፍክለት ከሆነ የሞተውን እየጠየቅክ ትቀራለህ፤ አይተሙን (ዛቢክስ የሚጠይቀውን ነገር) በኢንተርፌሱ ስም እንዲፈልግ አድርገው።


#14 ኬብል_ቆጣሪ

ሪፕሌስ ኦልድ ገብቷል፤ ፒፒፒው ሶስት ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ በዎኩ ላይ አንድ ፒፒፒ0 ብቻ ነው ያለው። አይተሙም በስም ተደርጓል፤ ኢንዴክሱ ከ7 ወደ 10 ሲሄድ ግራፉ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ዋናው መስመር ላይ ደግሞ መጠየቂያው ወደ 60 ሴኮንድ ወጥቶ፣ ካሹ 1 እንደሆነ፣ በ30 ደቂቃ ጭነት ውስጥ የታየው ትንሹ 40.5፣ ትልቁ 41.9 ነው።